በራዲዮ የሚታዘዘው ትንሽ ካሚዮንና የቀይ ኳስ ሾፌሮች ታሪክ

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ እያንዳንዱ የተማሪዎች ክበብ ለኤግዚቢሽኑ አንድ የእጅ ሥራ እንዲያቀርብ በተጠየቀ ጊዜ፥ እኛ የታሪክና የእጅ ሥራ ክበብ አባሎች በራዲዮ የሚታዘዝ አንድ የጦር መኪና በትንሽ መጠን ለመሥራት አሰብን። ነገሩ በመጀመሪያ ጨዋታ መስሎን ነበር። የታሪክ መምህራችን ግን «የምትሠሩትን ነገር ታሪክ ጽፋችሁ ካላመጣችሁ መጋዙን አታነሡም» ብለው ስላዘዙን፥ ከሥራው በፊት ንባቡ ቀደመ። መኪናው ገና አልተሠራም፤ ፕላኑ ግን አልቋል። ፕላኑ ሁለት ጊዜ ተሠርቶ ሁለተኛው የመጀመሪያውን የሻረበትን ምክንያት መናገር ለአንባቢዎቻችን ይጠቅማል ብለን ስላመንን ይህን ጽፈናል። በጽሑፋችን ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታንክ ወይስ ካሚዮን?

የመጀመሪያው ክርክራችን ስለ መኪናው ዓይነት ነበር። አብዛኞቻችን ታንክ እንሥራ አልን። ታንክ መድፍ አለው፤ ተመልካችም ይሰበስባል። ከመካከላችን ሦስት ልጆች ግን የጭነት ካሚዮን ይሻላል ብለው ጸኑ። ምክንያታቸውን ሲጠየቁም «ታንኩ የሚጠጣውን ቤንዚን ማን ያመጣለታል?» ብለው መለሱ። በአገራችን አነጋገር ለዘማች የሚያስፈልገው «ስንቅና ትጥቅ» ነው ይባላል። አባቶቻችን ስንቅን ከትጥቅ አስቀድመው መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም፤ ስንቁ ያለቀበት ጦር መሣሪያው በእጁ እያለ ይቆማል። በዚህ ቃል ላይ ብዙ ከተከራከርን በኋላ ድምፅ ሰጠን፤ ካሚዮኑም በሁለት ድምፅ ብልጫ አሸነፈ።

ከካሚዮኖችም መካከል የመረጥነው ጂ.ኤም.ሲ. የተባለውን፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ሠራዊት ዋነኛ ጫኝ የነበረውን ነው። ሙሉ ስሙ ሲ.ሲ.ኬ.ደብልዩ. 353 ይባላል። ፊደሎቹ እያንዳንዳቸው ትርጕም አላቸው። የመጀመሪያው ሲ መኪናው የተነደፈበትን የ1941ን ዓመት፥ ሁለተኛው ሲ ጋቢናው ከሞተሩ በስተኋላ መሆኑን፥ ኬ የፊት እግሮቹም በሞተር ኀይል የሚዞሩ መሆናቸውን፥ ደብልዩ ደግሞ ከኋላ ሁለት ኀይል ያላቸው አክሶች መኖራቸውን ያመለክታሉ። እንግዲህ ሦስቱም አክሶች ይሠራሉ ማለት ነው። ከኋላ ያሉት ጎማዎች ድርብ ስለ ሆኑ ካሚዮኑ በ10 ጎማ ይቆማል። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር ሲኖረው ጉልበቱ ከ90 የፈረስ ጉልበት በላይ ነበር። ካምቢዮው አምስት ማርሽ ወደ ፊት አለው። ጭቃና ዳገት በበዛበት ቦታ ሁለት ቶን ተኩል እንዲሸከም ተወስኖለት ሳለ፥ በጥሩ መንገድ ላይ እስከ እጥፉ ይጫንበት ነበር። ከ1941 እስከ 1945 ከ500,000 በላይ ካሚዮኖች ተሠርተዋል።

በእነዚህ ዓመታት መልኩ አንድ አልነበረም። በመጀመሪያ ጋቢናው በላሜራ የተዘጋ ነበር፤ ኋላ ግን ብረት ለመቆጠብና በመርከብ ሲጫን ቦታ እንዳይፈጅ ሲባል በሸራ የሚከደን ክፍት ጋቢና ተሠራለት። የጭነቱ ሣጥንም ለብረት ቁጠባ ሲባል በእንጨት እንዲሠራ ተደረገ። ይህን ልዩነት እዚህ ላይ ያነሣነው ያለ ነገር አይደለም፤ ኋላ ፕላናችንን የለወጠው እርሱ ነውና።

የ83 ቀን ጉዞ

ይህ ካሚዮን ስሙ የተጠራበት ታላቅ ሥራ በ1944 በፈረንሳይ አገር የተፈጸመው ነው። የአሜሪካና የእንግሊዝ እንዲሁም የሌሎች ተባባሪ መንግሥታት ሠራዊት ሰኔ መግቢያ ላይ፥ ማለት በጁን 6 ቀን፥ ኖርማንዲ የባሕር ጠረፍ ላይ ወረደ። ከመውረዱም በፊት ጀርመኖች ረዳት ጦር በቶሎ እንዳያመጡ የፈረንሳይን የባቡር ሐዲድና ድልድይ በአውሮፕላን አፈራርሶት ነበር። በነሐሴ ወር የጀርመን ጦር ተሰብሮ ማፈግፈግ ሲጀምር ግን ያው የፈረሰው ሐዲድ ለአፍራሾቹም አስፈላጊ ሆነ። ግንባሩ ወደ ምሥራቅ በፍጥነት ሲገፋ፥ ቤንዚኑና ጥይቱ ምግቡም ጭምር ኖርማንዲ ጠረፍ ላይ ተከምሮ ቀረ። በነሐሴ መጨረሻ የጄኔራል ፓተን 3ኛ ጦር ሠራዊት በጠላት ሳይሸነፍ በቤንዚን እጥረት ቆመ።

መድኀኒቱ ካሚዮን ሆነ። ፓሪስ ነፃ በወጣችበት ቀን፥ ማለት በኦገስት 25 ቀን 1944፥ «ሬድ ቦል ኤክስፕሬስ» የተባለው አገልግሎት ተጀመረ፤ ትርጕሙ የቀይ ኳስ ፈጣን ጉዞ ማለት ነው። በአሜሪካ የምድር ባቡር ዘንድ ቀይ ክብ ምልክት ያለበት ጭነት ቅድሚያ ስለሚሰጠው፥ ስሙ ከዚያ የተወሰደ ነው። የመጀመሪያው መስመር ከሳን ሎ ከተማ ተነሥቶ እስከ ሻርትር የሚደርስ፥ ከ200 ኪሎ ሜትር የበለጠ ርቀት ያለው ነበር። ሁለት ትይዩ መንገዶች ተመረጡ። በአንደኛው የተጫኑት ብቻ ይሄዳሉ፤ በሌላው ባዶዎቹ ብቻ ይመለሳሉ። ለሌላ መኪና መንገዱ ዝግ ነው። በየመገናኛው ቀይ ክብ ምልክት ተተከለ። ሕጉ በሰዓት ከ25 ማይል፥ ማለት ከ40 ኪሎ ሜትር ያህል እንዳይበልጡ፥ በአንዱና በሌላው ካሚዮን መካከልም 60 ያርድ፥ ማለት 55 ሜትር ያህል እንዲሆን ያዝ ነበር። ግንባሩ ግን ቤንዚን ይጠብቃል፤ ስለዚህ ብዙ ሾፌሮች ፍጥነቱን የሚገታውን መሣሪያ ከሞተሩ ላይ እየፈቱ ከሕጉ በላይ ይነዱ ነበር።

ሥራው በጀመረ በአምስተኛው ቀን፥ በኦገስት 29፥ 5,958 መኪናዎች 12,342 ቶን ጭነት አደረሱ። ሾፌሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው እየተፈራረቁ ሌሊትና ቀን ይነዱ ነበር። ወደ ግንባሩ ሲቃረቡም መብራታቸውን ሸፍነው በጨለማ ይጓዛሉ። ካሚዮኖቹ ራሳቸው በቀን 300,000 ጋሎን ያህል ቤንዚን ይጠጡ እንደ ነበር ስናነብ፥ ቤንዚን ለማድረስ የሚጠፋው ቤንዚን ምን ያህል እንደ ሆነ ገርሞናል። መንገዱ እስከ ኖቬምበር 16 ቀን ድረስ 83 ቀን ሠርቶ ተዘጋ። በዚያው ወር መጨረሻ የአንትወርፕ ወደብ ለመርከብ ተከፈተ፤ ሐዲዱም እየተጠገነ ሄደ። በነዚያ ቀናት የተጓጓዘው ጭነት ከ400,000 ቶን በላይ ነበር።

ሾፌሮቹ እነማን ነበሩ?

እስከዚህ ድረስ ያነበብነው የመኪናና የቶን ቍጥር ነበር። መምህራችን ጽሑፋችንን ተመልክተው ከዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጥያቄ ጻፉብን፤ «ሾፌሮቹ እነማን ነበሩ?» የሚል። ፈልገን ያገኘነው መልስ ይህ ነው።

ከቀይ ኳስ ሾፌሮች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሠራዊት ነጩንና ጥቁሩን ለያይቶ ያሰልፍ ነበር። የጥቁሮቹ ክፍሎች ለብቻቸው ናቸው፤ መኝታቸውና ማዕዳቸውም ለብቻው ነው፤ አዛዦቻቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጮች ነበሩ። ከጥቁሮቹ ብዙዎቹ ለውጊያ አይበቁም ተብለው ወደ ጭነት፥ ወደ ወደብና ወደ መንገድ ሥራ ተመደቡ። እንግዲህ ያ ሁሉ ግንባር በነዚያ ቀናት የተንቀሳቀሰው፥ አገራቸው እኩል ናችሁ ባላለቻቸው ሰዎች እጅ ነው። ጦርነቱን አስመልክቶ ስሙ የሚነሣው ግን አብዛኛውን ጊዜ የጄኔራሉ ነው፤ ቤንዚኑን ያመጣለት ሾፌር ስሙ አይነሣም።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ፥ በጁላይ 26 ቀን 1948፥ ፕሬዚደንት ትሩማን በሠራዊቱ ውስጥ ለሰው ሁሉ ዘሩና ቀለሙ ሳይታይ እኩል አያያዝና እኩል ዕድል እንዲሰጥ የሚያዝ ድንጋጌ ፈረሙ። ድንጋጌው በሥራ ላይ የዋለው ግን በአንድ ቀን አልነበረም፤ ብዙው ለውጥ የተፈጸመው በኮርያ ጦርነት ጊዜ ነው። በዚህ ላይ የእኛም አገር ታሪክ ይገናኛል። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሜይ 1951 ፑሳን ወደብ ደርሶ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። የተለያዩት ክፍሎች መፍረስ የያዙትም በዚያው ዓመት በዚያው አገር ነው። ይኸው ጂ.ኤም.ሲ. ካሚዮን በኮርያም አገልግሏል።

ሁሉ ነገር ለ10 አይካፈልም

አሁን ወደ ፕላኑ እንመለስ። መጠኑ 1 ለ10 እንዲሆን ወሰንን፤ በእውነተኛው ካሚዮን 10 ሳንቲ ሜትር የሆነው በእኛ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እውነተኛው ርዝመቱ 6.5 ሜትር ያህል፥ ወርዱ 2.24 ሜትር ነው፤ የእኛ እንግዲህ 65 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 22.4 ሳንቲ ሜትር ወርድ ይኖረዋል። ጎማው 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ስላለው የእኛ 9 ሳንቲ ሜትር ነው።

በክብደቱ ላይ ግን ተሳሳትን። ባዶው ካሚዮን ከ4,500 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ እኛም ለ10 አካፍለን 450 ኪሎ ብለን ጻፍን። የፊዚክስ መምህራችን አይተው በጣም ሳቁ። «ይህን ጠረጴዛ ላይ የሚያወጣው ማን ነው?» አሉን። ርዝመቱ፥ ወርዱና ቁመቱ እያንዳንዳቸው በ10 ሲያንሱ፥ የሚይዘው ቦታና ክብደቱ በ1,000 ያንሳል። ስለዚህ ትክክለኛው ክብደት 4 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። በአንጻሩ የላሜራውን ውፍረት ለ10 ብናካፍል እንደ ወረቀት ሳስቶ በእጅ ይጣመማል፤ ባሌስትራውንም በእውነተኛው ቅጠል ቍጥር ብንሠራው ለቀላል መኪና በጣም ስለሚደነድን ከመንገዱ ጋር አይታጠፍም። ላሜራውን ማወፈር፥ የባሌስትራውንም ቅጠል መቀነስ ግድ ሆነብን። በዚህም ሁሉ ነገር ለ10 እንደማይካፈል ተማርን።

ፍጥነቱን ደግሞ ከቀይ ኳስ ሕግ ወሰድነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር በ10 ሲካፈል 4 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህም በዝግታ የሚሄድ ሰው እርምጃ ነው። የጎማው ዙሪያ 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ጎማው በደቂቃ 236 ጊዜ መዞር አለበት። የኤሌክትሪክ ሞተራችን በደቂቃ 9,500 ጊዜ ያህል ስለሚዞር፥ ጥርሶቹ ፍጥነቱን 40 ጊዜ እንዲቀንሱት አድርገን ነደፍን። ሞተሩ በኮፈኑ ሥር፥ ካምቢዮው በሻንሲው መካከል ይቀመጣል።

ስለ ጭነቱ ብዙ አልተከራከርንም፤ ጀሪካን ነው። ዛሬ በየቤቱ ውሃ የምንቀዳበት ዕቃ ስሙ የመጣው ከዚያ ዘመን ነው። እንግሊዞች ጀርመኖችን በቅጽል ስም «ጄሪ» ይሏቸው ስለ ነበር፥ ከጀርመኖች የተቀዳውን ባለ 20 ሊትር የብረት ዕቃ የጄሪ ጣሳ፥ «ጄሪካን» አሉት። የእኛ ጀሪካን 4.7 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኖረዋል። ሒሳቡን ስንሠራው፥ ከ120 ያህል ጀሪካን ጋር ሁለት ቶን ተኩሉ ይሞላል፤ እነዚህም በሣጥኑ ወለል ላይ ተደርድረው አንድ ረድፍ ብቻ ይሆናሉ። ቤንዚን በመልኩ ሳይሆን በክብደቱ ከባድ ጭነት መሆኑን በዚህ አየን።

ጋቢናው ለማን ነው?

ካሚዮኑን ከሩቅ የሚያዝዘው ራዲዮ ነው። ይህ ጥበብ አዲስ ቢመስልም ዕድሜው ረዥም ነው። ኒኮላ ቴስላ በ1898 በኒው ዮርክ ከተማ፥ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፥ ያለ ሽቦ በራዲዮ ሞገድ የምትታዘዝ ትንሽ ጀልባ ለሕዝብ አሳይቷል፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር 8 ቀንም የፈጠራ መብቱ ተመዝግቦለታል። ዛሬ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ማዘዣና ተቀባይ አንዱ ሌላውን በምስጢር ቍጥር ስለሚያውቀው፥ ብዙ መኪናዎች በአንድ ሜዳ ላይ ሳይጋጩ ይታዘዛሉ። ተቀባዩ ትእዛዙን ሲሰማ፥ ሰርቮ የተባለው ትንሽ ሞተር መሪውን ያዞራል፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያውም ለዋናው ሞተር የኤሌክትሪኩን መጠን ይመድባል።

ባትሪውና ተቀባዩ የት ይቀመጡ የሚለው ጥያቄ ላይ ስንደርስ መልሱ ቀላል መሰለን። ጋቢናው ባዶ ነው፤ ከዝናብም የተጠበቀ ነው፤ ከፊት ያለው ክብደትም ዳገት ላይ ይረዳል። ስለዚህ በላሜራ የተዘጋውን የመጀመሪያውን ዓይነት ጋቢና መርጠን፥ ባትሪው እንዳይታይ መስተዋቱን በጥቁር ቀለም ለመቀባት ተስማማን። የመጀመሪያው ፕላናችን ይህ ነበር።

አንድ ቅዳሜ የአንዱ ጓደኛችን አባት፥ ብዙ ዓመት ካሚዮን የነዱ ሰው፥ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ፕላኑን በጥሞና ተመለከቱ። ሻንሲውን አደነቁ፤ የባሌስትራውን አጣበቅ አረሙልን። በመጨረሻ ጣታቸውን ጋቢናው ላይ አድርገው፥

«ልጆቼ፥ ሾፌሩ የት ሊቀመጥ ነው?» አሉ።

«ጋሼ፥ በራዲዮ የሚሄድ ስለ ሆነ ሾፌር አያስፈልገውም» አልናቸው።

«እንግዲያው ሣጥን ነው የምትሠሩት» ብለው ፕላኑን መለሱልን።

ለጊዜው ቅር አለን። እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን የጻፍነውን ታሪክ ከፕላኑ አጠገብ ዘርግተን ስናስተያይ ነገሩ ገባን። በወረቀቱ ላይ ሾፌሮቹ ስማቸው ሳይነሣ ቀረ ብለን አዝነናል፤ በፕላኑ ላይ ግን እኛው ራሳችን ሾፌሩን አስወጥተን በቦታው ባትሪ አስቀመጥን፤ በላዩም መስተዋቱን ጥቁር ቀባን። ራዲዮው ሾፌር እንደማያስፈልግ ያደርጋል፤ የምንነግረው ታሪክ ግን የሾፌር ታሪክ ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረብን።

የመረጥነው ፕላኑን እንደ ገና መሥራትን ነው። በተዘጋው ጋቢና ፈንታ በሸራ የሚከደነውን ክፍት ጋቢና ያዝን፤ በዚህ ውስጥ ሁሉ ነገር ይታያል። ባትሪውን ወደ ጭነቱ ሣጥን አዛውረን በጀሪካኖቹ ሥር ሸሸግነው፤ ለዚሁ ሲባል ከመካከል ያሉት ጀሪካኖች ግማሽ ብቻ ሆነው ይሠራሉ። ክብደቱ ወደ ኋላ ስለ ሄደ ፊቱ ዳገት ላይ እንዳይነሣ በኮፈኑ ሥር እርሳስ እንጨምራለን። በዚህ ለውጥ ሦስት ሳምንት ጠፋብን፤ ካሚዮኑም ዳገት ላይ በመጀመሪያው ፕላን ሊወጣ ይችል የነበረውን ያህል አይወጣም። በጋቢናው ውስጥ ግን ከእንጨት የተቀረጹ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ሾፌሮች ይቀመጣሉ፤ አንዱ መሪውን ይዞ፥ አንዱ ተራውን እየጠበቀ።

የቀረው ክርክር ስለ መትረየሱ ነበር። ታንኩን ያጡት ጓደኞቻችን በጋቢናው ላይ መትረየስ ይኑር ብለው ጠየቁ። ይህም ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ ከአራት ካሚዮኖች ለአንዱ ያህል የመትረየስ ቀለበት ይደረግ ነበር። ነገር ግን ከአራቱ ሦስቱ ቀለበት ካልነበራቸው፥ አንድ ብቻ የምንሠራ ሰዎች ከሦስቱ መካከል ብንሠራ ይበልጥ ልክ ነው ተባለ። እነርሱም በደስታ ባይሆን በሒሳቡ ተስማሙ፤ ጀሪካኖቹን የመቅረጽ ሥራም ለእነርሱ ተሰጠ።

እንግዲህ ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ የላሜራውን ሥራ እንጀምራለን። አሮጌ ላሜራ፥ ትንንሽ ኩሽኔታና የሸራ ቍራጭ ያላቸው ወላጆች ቢረዱን እናመሰግናለን። የበዓሉ ቀን ካሚዮኑ ከዋናው በር እስከ ባንዲራው መስቀያ ድረስ ይጓዛል። ፍጥነቱ የሰው እርምጃ ስለ ሆነ፥ ሕፃናትም ሽማግሌዎችም ከጎኑ አብረውት ሊሄዱ ይችላሉ። ስትሄዱም እባካችሁ ጎንበስ ብላችሁ ጋቢናውን ተመልከቱ።